መርጡለ ማርያም ደርሶ መልስ፦ መኪናው፣ አልጋው፣ ዲያቆኑ

ለእረፍት አገር ቤት የምትገቡ ዲያስፖራዎች፣ ጎጃም ሲባል ባሕር ዳር ብቻ አይታያችሁ። ምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር ያለችው ጥንታዊቷ ደብር መርጡለ ማርያም ራሷን የቻለች ጉዞ ናት።

ከአዲስ አበባ ኮንትራት መኪና ያዝን። ዓባይ በረሃን ወርደን ወጣን፤ ደጀን፣ ብቸና፣ ደብረ ወርቅ እያልን ቀጠልን። ሹፌሩ ጨዋ ነው፤ ሲነዳም አያስደነግጥም። አከራዮቹ ግን ስንመለስ "የኮረኮንች" ብለው ጨመሩብን። ስንዋዋል ትንፍሽ አላሉም! ከውጭ መምጣታችን ሳያዋጣቸው አልቀረም። ሁሉንም በጽሑፍ ተዋዋሉ።

አልጋው ንጹሕ ነው፣ ውሃው በባልዲ። በዋጋው አያስወቅስም።

ልቤን የነካው ቦታውን ያሳየን ዲያቆን ነው። "ጋሼ፣ ፀሐይ ሳይከር መጀመሪያ ፍርስራሹን እንይ" አለና ከአሁኑ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወዳለው የድንጋይ ግድግዳ ወሰደን። ሐረግ የመሰለ ጌጥ ድንጋዩ ላይ ተጠማዞ ይሄዳል፤ በመሐሉ አበቦች ተቀርጸዋል፣ ቅጠላቸው አንድ በአንድ ይለያል። ጣቴን ላሳርፍ ስል "በዓይን ብቻ" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ጠባቂ አለው ማለት ነው።

በትውፊት ቦታው ከክርስትና በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባቸው ከነበሩት ከአክሱም ጽዮን፣ ከተድባበ ማርያምና ከጣና ቂርቆስ ጋር ይቆጠራል። ያየነውን ሕንጻ መጀመሪያ ያሠራችው ግን እቴጌ እሌኒ ናት፤ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ። የሐድያ ገዥ ልጅ፣ የዘርዐ ያዕቆብ ሚስት፣ በኋላም የልብነ ድንግል ሞግዚት። ፖርቱጋል ድረስ መልእክተኛ የላከች ሴት ተራ ሕንጻ ታሠራለች ብላችሁ አትጠብቁ። በግራኝ ዘመን እንደ ጠፋ ይነገራል። በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን መልሰው ሠሩት፤ ስለዚህ የትኛው ጌጥ የማን እጅ እንደሆነ መለየት ቀላል አይደለም። በ1840ዎቹ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርለስ ቢክ ሲያየው ፈርሶ ነበር፤ ስለ ፍርስራሹም ጽፏል።

የደብሩ አለቃ ማዕረግ "ርእሰ ርኡሳን"፣ የአለቆች አለቃ እንደ ማለት፣ ነው። ዲያቆኑ ይህን ሲነግረን ደረቱን ነፋ አደረገ፤ አይፈረድበትም።

ገንዘብ ስንሰጠው እሱ አልተቀበለንም፤ ሙዳየ ምጽዋቱን አሳየን። ነጠላ ያዙ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ እዚያው እደሩ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሉ አከራዮችን አትስሟቸው።