አራት ኪሎ መቆየት ወይስ ደብረ ብርሃን መግባት

በመሐል አዲስ አበባ፣ በተለይም በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ፣ ተከራይቶ የሚኖር ደመወዝተኛ ሁለት ምርጫ አለው፤ የኪራዩን ጭማሪ ችሎ መቆየት፣ አለዚያም ኑሮው ቀለል ወደሚልበት ወደ ደብረ ብርሃን መዛወር።

ለሚቆይ ሰው ሕጉ ጥቂት መከታ ይሆነዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ አዋጁ ተከራዩን በገባበት ቤት ያጸናዋል እንጂ አዲስ ቤት አይሠራለትም፤ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት የፈረሰበት ሰው በቀሩት ቤቶች ላይ ሲሻማ፣ አንዲት ጠባብ ሰርቪስ ክፍል፣ መጸዳጃ ቤቷ የጋራ ሆኖ እንኳ፣ የደመወዙን እኩሌታ ስትወስድበት አይቻለሁ፤ ይህ ከልብ ያሳዝነኛል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በዚያው ገንዘብ ሰፋ ያለ ቤት ይገኛል፤ ልጆች የሚሮጡበት ግቢም አይጠፋም። ብርዱ ግን ቀላል አይደለም፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል።

ከሁሉም የሚከብደው የሥራው ነገር ነው። ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍሮ በየቀኑ መመላለስ አይታሰብም። ስለዚህ መምህር፣ ነርስ ወይም በዩኒቨርሲቲውና በኢንዱስትሪ ፓርኩ ቦታ ያገኘ ሰው ቢዛወር ይሻለዋል እላለሁ፤ ገቢው ከመርካቶ ንግድ ጋር የተሳሰረ ግን፣ ኪራዩ ቢከብደውም፣ እዚሁ ቢቆይ ይመረጣል።