የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ፦ በደረጃ ወይስ በሥራ ጫና?

ለመድኃኒት መጋዘን ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ለመወሰን ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የተቋሙን ደረጃ አይቶ መመደብ ነው፤ «በዚህ ደረጃ ላለ መጋዘን አንድ ፋርማሲስት፣ ሁለት የግምጃ ቤት ሠራተኞች» ይባላል። ቀላል ነው፤ በጀት ለመያዝም ያመቻል። ነገር ግን እኩል ደረጃ ያላቸው መጋዘኖች ሁሉ እኩል ሥራ የለባቸውም።

ሁለተኛው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ የሥራ ጫናን የሚለካው ዘዴ ነው። ለምሳሌ በዓመት ካሉት 260 የሥራ ቀናት ለዕረፍት፣ ለበዓል፣ ለሕመምና ለሥልጠና 40 ቢቀነሱ 220 ይቀራሉ፤ በቀን በ8 ሰዓት ሲሰላ 1,760 ሰዓት ማለት ነው። አንድን የመድኃኒት ጥያቄ ለቅሞ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን አይቶ፣ አሽጎ ለመላክ ግማሽ ሰዓት ከወሰደ አንድ ሰው በዓመት 3,520 ጥያቄ ያስተናግዳል። 7,040 ከመጣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ።

ድክመቱ መረጃ ላይ ነው፤ መዝገቡ ከተዛባ ስሌቱም ይዛባል። ደግሞም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቆየት ያለበት ክትባት አንድ ካርቶን ብቻ ቢሆንም ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። እኔ ብጠየቅ ለትንንሾቹ መጋዘኖች የደረጃውን ዝቅተኛ ቁጥር እይዛለሁ፤ ጭነት ለሚበዛባቸው ግን የሥራ ጫናው ሳይሰላ አንድም ቅጥር አልፈርምም።