ከአሮጌው አይፎን ይልቅ፦ አገር ቤት የገዛሁት ርካሽ ስልክ

ከዲሲ አካባቢ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ አንድ ያገለገለ አይፎን አይጠፋም። ለእናት፣ ለአክስት ወይም ለእህት ልጅ ተብሎ የተያዘ ነው። ደግ ሐሳብ ነው። የዘንድሮው ጉዞዬ ግን ሌላ ነገር አሳምኖኛል። ለአገር ቤት ኑሮ እዚያው የተገዛ አዲስ ርካሽ ስልክ ከአሮጌ አይፎን ይሻላል። የማከማቻው መጠን ላይ ካልሰሰትን ነው ታዲያ።

ስልኩን የገዛሁት መጀመሪያ ለራሴ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት አይፎኖች ከ14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የሲም ማስገቢያ የላቸውም። ካርድ ገዝቶ ሰክቶ መሄድ ቀርቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የአገር ቤት ቁጥር ካልያዙ መንቀሳቀስ ይከብዳል። ታክሲ የሚጠራው፣ ሂሳብ የሚከፈለው፣ ዘመድ የሚፈላለገው በዚያ ቁጥር ነው። ስለዚህ መገናኛ ወርጄ ከ100 ዶላር በታች የሆነ አንድሮይድ ገዛሁ። እረፍቴን ሙሉ ተጠቀምኩበት። ስመለስ ለእናቴ ተውኩላት። አሁንም የምንደዋወለው በእሱ ነው።

ብራንዱን አልጠራም። በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ስልኮች ውስጣቸው በጣም ይመሳሰላል። ገበያው ውስጥ በብዛት የሚታዩት ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ እንኳ የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው። ኩባንያው ትራንሽን ይባላል፣ መቀመጫው ቻይና፣ ሸንዘን ነው። ከእነሱ ጎን የሳምሰንግና የሬድሚ ዝቅተኛ ሞዴሎች ይደረደራሉ። እኔ የማወራው ስለ ደረጃው ነው።

ስልክ ቤቱ ውስጥ የገጠመኝ ልጅ ፈጣን ነበር። "8 ጊጋ ራም ነው እህቴ፣ ምንም አይንቀራፈፍም" አለኝ። ካርቶኑን አዙሬ ሳይ በትንንሽ ፊደል 4+4 ይላል። ይህን ልብ በሉልኝ። ራም ስልኩ የከፈታቸውን አፖች ለጊዜው የሚይዝበት ነው፤ ማከማቻ ደግሞ ፎቶና ፋይል የሚቀመጥበት። እውነተኛው ራም 4 ነው። ቀሪው 4 ከማከማቻው ላይ የተበደረ ነው። ማከማቻ ደግሞ ከራም በብዙ እጥፍ ይዘገያል። የተደመረው ቁጥር ስልኩን ሁለት እጥፍ ፈጣን አያደርገውም፤ ቢበዛ ከኋላ የተከፈቱትን አፖች ትንሽ ቆይቶ እንዲዘጋቸው ይረዳዋል። ልጁን ስጠይቀው አልዋሸኝም። "እውነቱን ከፈለግሽ እውነተኛው 4 ነው" ብሎ ሁለት ሞዴሎች አወጣልኝ፦ አንዱ 64፣ ሌላው 128 ጊጋ የሚይዝ። 128ቱን ወሰድኩ። የዋጋው ልዩነት ብዙ አይደለም፤ በአጠቃቀም ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ምክንያቱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

ከመክፈሌ በፊት *#06# ደውዬ ስክሪኑ ላይ የመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አመሳከርኩ። ሻጩም ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ራሱ አነበበልኝ። የማይመሳሰል ከሆነ ጥላችሁ ውጡ።

ዋጋው ለእኔ ቀላል ነበር። እዚያ ለሚኖር ሰው ግን ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስልክና መለዋወጫው የሚመጣው በዶላር ነው። "ርካሽ" የምንለው ስልክ ለብዙ ደሞዝተኛ የወር ገቢውን የሚበላ ዕቃ ነው። ይህን ሳስብ የስልኩን ጉድለት በቀላሉ ማለፍ አልችልም። ሁለተኛ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ነው የሚይዘው።

ከጥሩው ልጀምር። ባትሪው ግሩም ነው! 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፣ በዚህ ደረጃ የተለመደው መጠን። ስክሪኑ ጥራቱ ዝቅ ያለ፣ 720 የሚባለው ስለሆነ ብዙ ኃይል አይበላም። ሁለቱ ተደምረው ስልኩን ጠዋት ከቻርጀር ነቅዬ ማታ ስገባ ገና ግማሽ አካባቢ አገኘዋለሁ። እናቴ ሰፈር መብራት ከሰዓት በኋላ ጠፍቶ ሲያድር እንኳ በማግስቱ ስልኳ ይሠራ ነበር። የእህቴ ልጅ የያዘችው፣ ከአሜሪካ የተላከላት አይፎን ግን የባትሪው ጤና ወርዶ ምሳ ሰዓት ላይ ፓወር ባንክ ይፈልጋል። ልጅቷ የምትንቀሳቀሰው ሶኬት እያየች ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሲሙ ነው። ሁለት ሲምና ለሜሞሪ ካርድ የብቻው ቦታ አለው። አንዱ ላይ የኢትዮ ቴሌኮምን 09፣ ሌላው ላይ የሳፋሪኮምን 07 አደረግሁ። ሲሞቹን ለማውጣት ፓስፖርቴን ይዤ ሄድኩ፤ አሻራና ፎቶ ሰጥቼ ብዙ ሳልቆይ ወጣሁ። ሳፋሪኮም በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር የገባው ውድድር ለተጠቃሚው ጠቅሟል፤ ይህ በግልጽ ይታየኛል። አንዱ ኔትወርክ እምቢ ሲል ሌላው ይይዛል። ወደ ሐዋሳ ስንወርድ መንገድ ላይ ያደረግነው እንዲሁ ነው፤ ዳታውን ወዲያና ወዲህ እየቀያየርን ነበር። እናቴም ለምዳዋለች። "በዚህኛው ካልሰማሁሽ በዚያኛው ልደውል" ትለኛለች።

ገንዘቡም በዚያው ነው የሚንቀሳቀሰው። ቴሌብር በ2021፣ ኤምፔሳ በ2023 እ.ኤ.አ. ነው ኢትዮጵያ ውስጥ የጀመሩት። አሁን ነዳጅ እንኳ በጥሬ ገንዘብ አይቀዳም። ቴሌብርን በጣም የወደድኩት ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ነው። *127# ብሎ በቁጥር መሄድ ነው። ርካሽ ስልክ ላይ አፑ እስኪከፈት ከመጠበቅ ይህ ይቀላል፤ ኔትወርኩ በደከመ ጊዜም ያገለግላል። እናቴ የመብራት ሂሳቧን ቤቷ ሆና ትከፍላለች። ድሮ ለዚያ የሚሰለፈውን ሰው የሚያስታውስ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ይህን ስልክ ለወላጅ የምትገዙ ሰዎች አንድ ነገር አደራ፦ ደውሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው፣ ማንም ነኝ ይበል ማን፣ ሌባ መሆኑን አስረግጣችሁ ንገሯቸው። እኔ እናቴን ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ አሁንም በስልክ እነግራታለሁ።

ድምፁ ከፍ ያለ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው፣ ኤፍ ኤም ሬዲዮ አለው፣ አማርኛው እንደተከፈተ ይመጣል። እነዚህ ማስታወቂያ ላይ ጎልተው አይወጡም። እናቴን ያስደሰቷት ግን እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ችግሩ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስልክ ቤቱ ውስጥ አይታይም። ስልኩ አዲስ እያለ ያለችግር ይሄዳል። ቀስ በቀስ ይደነዝዛል፣ ሃንግ ያደርጋል። መንስኤው ብዙ ጊዜ የማከማቻው መሙላት ነው። በእኛ አገር ማከማቻ የሚሞላው ደግሞ በቴሌግራም ነው። የቤተሰቡ ግሩፕ አለ፣ የዕድሩ አለ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አለ። በየጠዋቱ መዝሙር፣ ስብከት፣ የመልካም ቀን ምኞት ቪዲዮ ይመጣል። ሁሉም ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ራሱን ያወርዳል። 64 ጊጋ የሚባለው ስልክ ሲስተሙና አብረው የተጫኑት አፖች ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ የሚተርፈው እናንተ እንደምታስቡት አይደለም። የእናቴን የቴሌግራም ማውረጃ ቅንብር ገብቼ ፎቶውን ብቻ ትቼ ቪዲዮውን አጠፋሁት። የቆየ ነገር ራሱ እንዲሰርዝም አዘዝኩት። 128 ይግዙ ያልኩትም ለዚህ ነው። ካሜራው 50 ሜጋፒክስል ነው ቢሏችሁ ገንዘባችሁን እዚያ አታውሉት። ማከማቻው ላይ አውሉት።

አብረው የሚመጡት አፖች ያናድዳሉ። ብሮውዘሩ፣ የአፕ መደብሩ፣ የዜናው ነገር፣ ሁሉም ማሳወቂያ ይልካል። ስልኩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ማስታወቂያ ብቅ ይላል። እናቴ ይህን ማስታወቂያ ከመልእክት አትለይም፤ ሁሉንም ትነካለች። ስልኩን ከመስጠቴ በፊት ቁጭ ብዬ የሚጠፉትን አጠፋሁ፣ የማይጠፉትን ማሳወቂያቸውን ዘጋሁ። ለዚህ ጊዜ ስጡ። ትልቅ ሰው ጋ ስልክ አስቀምጦ መሄድ ብቻውን ስጦታ አይሆንም።

አሻራው ሌላ ነገር ነው። ጎኑ ላይ ያለችው ማንበቢያ ለእኔ ወዲያው ትከፍትልኛለች። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ልብስ ስታጥብ የኖረች ናት። የጣቷ መስመር ሳስቷል። አውራ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ታደርግና ትነካዋለች። ስልኩ ንዝር ይልና እምቢ ይላል። እንደገና ትጠርጋለች፣ አሁንም እምቢ። "እኔን አያውቀኝም እንዴ?" አለችኝ። በመጨረሻ በቁጥር አደረግንላት። ስልክ የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ዋጋ የሚገዛው ማን እንደሆነ ቢያስቡ፣ ለሠራተኛ እጅ የሚሆን ማንበቢያ ቢያስገቡ ደስ ይለኛል። ገዢያቸው እኮ ብዙው በእጁ የሚሠራ ሰው ነው።

ስለ ካሜራው ባጭሩ። ትራንሽን ለጥቁር ፊት የሚስማማ ካሜራ በመሥራት ስሙ ይነሳል፤ በዚህ ደረጃ ያሉት ስልኮችም በጥላ ውስጥ የሰውን መልክ ደህና ያወጣሉ። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር አክስቴን በሀበሻ ቀሚስ ሳነሳት ግን ጉድ ሆንኩ። እኩለ ቀን ነው፣ ፀሐዩ ከላይ ነው። ፊቷ ሲታይ ቀሚሱ አንድ ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ጥልፉ የለም። ቀሚሱ ሲስተካከል ፊቷ ይጠቁራል። ነጭ ልብስና ጠይም ፊት አንድ ላይ ማስማማት ርካሽ ካሜራ አይችልም። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ አንሱ፤ ካልሆነም ዛፍ ሥር ግቡ። ስክሪኑም በዚያ ፀሐይ አይታይም፤ እጅን ጥላ ማድረግ ግድ ነው።

ቻርጅ ማድረጉ ቀርፋፋ ነው። 10 ዋት ነው፤ ባዶውን ለመሙላት ሦስት ሰዓት አካባቢ ይፈልጋል። ከአሜሪካ ፈጣን ቻርጀር ብታመጡለትም የሚቀበለው ያንኑ ነው። 5ጂም የለውም፤ ለእናቴ ምኗም አይደለም።

ራይድ በሚባለው የታክሲ መጥሪያ አፕ መኪና ስጠራ ደግሞ ሌላ ጉድለት አየሁ። ስልኩ ያለሁበትን ቦታ ለማግኘት ይቆያል። ኮምፓስ ስለሌለው ካርታው ላይ ወደ የት እንደዞርኩ አያውቅም። መኪናው ከአስፓልቱ ማዶ ይቆማል። ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሹፌሩ ደውሎ "የት ጋ ነሽ?" ማለቱ አይቀርም፤ እኔም ፋርማሲውን፣ ጀበና ቡናውን፣ ሰማያዊውን በር እነግረዋለሁ። አፑ ሲያስቸግር በ8294 ደውዬ ነው የጠራሁት። ሾፌሮቹ ጨዋዎች ነበሩ፤ ሻንጣ የሚያግዙ፣ እናቴን እጇን ይዘው የሚያወርዱ።

ጥገናው ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ገጠመኝ። የወንድሜ ልጅ የያዘው የዚሁ ደረጃ ስልክ ስክሪኑ ተሰነጠቀ። መገናኛ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ በማሞቂያ አላቆ፣ አዲሱን ገጥሞ፣ ሙጫው እስኪይዝ በላስቲክ አስሮ ሰጠን። ቡና ጠጥተን ስንመለስ አልቋል። መለዋወጫው መሳቢያው ውስጥ ነበር። የዚያችን የእህቴን ልጅ አይፎን ባትሪ ለማስቀየር ግን ኦሪጅናሉ አልተገኘም፤ የተገኘውም ዋጋው የእናቴን ስልክ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። አንዳንዱ የሚላክ ስልክ ደግሞ ገና ለአሜሪካው የስልክ ድርጅት የተቆለፈ ነው፤ ቤተሰብ ለማስከፈት ይንከራተታል።

የዋስትናው አገልግሎት ግን አላስደሰተኝም። የስልኩ የቻርጀር መሰኪያ ላላ ብሎ ስሙን ወደማልጠራው የጥገና ማዕከል ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ደረሰኝ አሉኝ፤ አሳየሁ። ቀጥሎ ማኅተሙ አይታይም አሉ። ቀጥሎ የሚፈርመው ሰው የለም ተባለ፤ ነገ ነይ፣ ሰኞ ነይ። በመጨረሻ ሠሩት፤ ጥሩ አድርገውም ነው የሠሩት። እኔ እረፍት ላይ ስለነበርኩ ተመላለስኩ። ከሥራ አስፈቅዶ በሁለት ታክሲ የሚመጣ ሰው ግን ተስፋ ቆርጦ ከኪሱ ከፍሎ ያሠራል። ዋስትና ተብሎ የተሸጠ ነገር በወረቀት ሰበብ መንጓተት የለበትም። ዋጋው ውስጥ ተከፍሎበታል።

ስለዚህ ስትገዙ ማኅተሙ በጉልህ መመታቱን፣ የስልኩ መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። ደረሰኙን ፎቶ አንሱትና እናንተም ጋ ይቀመጥ። የእናቴ እኔ ጋ አለ፤ ነገ አንድ ነገር ቢሆን ወንድሜ ይዞት እንዲሄድ በቴሌግራም እልክለታለሁ።