ለአየር ሙቀት ሊዳር የትኛው ሌዘር? ፕሮፎርማው ሳይፈረም የሚታይ ነገር

አራት ኪሎ ላብራቶሪ ያላቸው ወዳጆቼ ሰሞኑን ለሊዳር የሚሆን ሌዘር ሊገዙ ሁለት ብሮሸር ይዘው መጡ። ሊዳር የሌዘር ብልጭታ (ምት) ወደ ሰማይ ልኮ ተበትኖ በሚመለሰው ብርሃን አየሩን የሚለካ መሣሪያ ነው። ሁለቱም ኤንዲ ያግ (Nd:YAG) በሚባል ክሪስታል የሚሠሩ ሌዘሮች ናቸው። ክሪስታሉን የሚያነቃው በአንዱ ፍላሽ ላምፕ (ብልጭ የሚል መብራት)፣ በሌላው ዳዮድ (ከሴሚኮንዳክተር የተሠራ ብርሃን ሰጪ) ነው። ሁለቱም በትልቁ የጻፉት የምቶቻቸውን የኃይል መረጋጋት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን አይደለም።

በሮቴሽናል ራማን ዘዴ፣ የሚሽከረከሩ የአየር ሞለኪውሎች የሞገድ ርዝመቱን ትንሽ ቀይረው የሚመልሱት ብርሃን በማጣሪያ በሁለት ቻናል ይለያል፤ የአየሩ ሙቀት የሚገኘው ከሁለቱ ቻናሎች ጥምርታ ነው። አየሩ ሲሞቅ አንዱ ይደክማል፣ ሌላው ይጠነክራል። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ምት ስለሆነ፣ ምቱ ትንሽ ቢደክም እኩል ይቀንሳሉ፤ ጥምርታው አይነካም። የሞገድ ርዝመቱ ሲንሸራተት ነው ጉድ የሚፈላው። የናይትሮጅን መስመሮች (ናይትሮጅን የሚመልሳቸው የሞገድ ርዝመቶች) ሌዘሩን ተከትለው ይሄዳሉ፣ ማጣሪያው ግን ባለበት ይቀራል። አየሩ ሳይሞቅ የሞቀ ይመስላችኋል። በ532 ናኖሜትር መስመሮቹ የሚራራቁት 0.23 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። በ355 ደግሞ 0.1 ገደማ ነው።

የጨረሩ አቅጣጫ መወዛወዝም እንደዚያው ነው። ብርሃኑ ማጣሪያው ላይ የሚያርፍበት ማዕዘን ሲቀየር ማጣሪያው የሚያሳልፈው የሞገድ ርዝመትም ይቀየራል። የሞገድ ርዝመቱንም የአቅጣጫውንም መረጋጋት ቁጥር ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት።

አሁን ወደ ምርጫው። ፍላሽ ላምፑ በዋጋ ይረክሳል። ግን የሚበላውን ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ክሪስታሉን እያዛባ ጨረሩን ያንቀሳቅሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ በአየር የሚቀዘቅዝ ቺለር (የሌዘሩ ማቀዝቀዣ) እዚህ አቅሙ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ደግሞ ሌዘሩ እንደገና እስኪረጋጋ መጠበቅ አለ። ላምፑም ያልቃል። 30 ሚሊዮን ምት ቢያገለግል፣ በሰከንድ 20 ምት ሂሳብ 417 ሰዓት ያህል ነው። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ብትሠሩ ሁለት ወር አይሞላም። መለዋወጫው ጉምሩክ ሲቆይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዳዮዱ ቢሊዮን ምት ሊሻገር ይችላል፣ ሙቀቱም ያነሰ ነው። ገንዘቡ ካለ እኔ ዳዮዱን ነው የምለው። ከሌለ ትርፍ ላምፖችን እዚያው ፕሮፎርማ ውስጥ አስገቡ።

በየትኛውም ቢሆን ሲደር (ዋናውን ሌዘር በአንድ ጠባብ የሞገድ ርዝመት ላይ የሚቆልፍ ትንሽ ሌዘር) ያለው ይሁን። ያለ ሲደር የ532ቱ ጨረር የሞገድ ርዝመት ስፋት 0.03 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ በሲደር ከመቶ እጥፍ በላይ ይጠብባል። ሲደር ግን ንዝረት አይወድም። መሀል ከተማ ቁፋሮ ባለበት ሰፈር መቆለፉን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መቆለፉን ያጡ ምቶችን ለይቶ የሚመዘግብ ሥርዓት ያለውን ምረጡ። ይህችን እንደ ትንሽ ነገር አትዩዋት።

ቀለሙስ? 355 በአየር ሞለኪውሎች ላይ ከ532 አምስት እጥፍ ያህል ይበተናል። ለዓይን የሚያሰጋውም ያነሰ ነው፤ ይህ ለቦሌ አውሮፕላኖች ትልቅ ነገር ነው። ማጣሪያው ግን ይበልጥ ጠባብ፣ ሌዘሩም የበለጠ የተረጋጋ መሆን አለበት። ጥሩ ሲደር ካላችሁ 355ን እመርጣለሁ። በ589 ናኖሜትር የሚሠራውን የሶዲየም ሊዳር ለጊዜው ተዉት፤ እሱ ከ80 ኪሎሜትር በላይ ላለው አየር ነው።

ሻጩ ለ8 ሰዓት ያለማቋረጥ የተለካ የሞገድ ርዝመት መዝገብ ይላክላችሁ። አልልክም ካለ ወደ ቀጣዩ ፕሮፎርማ እለፉ።