ጂሲሲ 15ን በድሮ ኮድ ላይ ሞከርኩት

ላፕቶፔ ላይ ፌዶራ 42 የተባለውን ሊኑክስ ስጭን ጂሲሲ 15 አብሮ መጣ፤ በሲ ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር ኮምፓይለር ነው። እኔ የምጠግነው ኮድ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ያለውን ክብደት በሲሪያል ገመድ አንብቦ ይመዘግባል፣ ደረሰኝ ያትማል። ሲ99 (በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲ ቋንቋ ደንብ፣ ማለትም ስታንዳርድ) እንኳ ያኔ ገና አልወጣም። (በእኛ አቆጣጠር ቢሰይሙት ሲ92 ይባል ነበር።)

አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ዝም ብሎ ያልፍ የነበረው ኮድ እዚህ ስክሪኑን በኤረር ሞላው። መጀመሪያ ኮምፓይለሩን ረገምኩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ የትኛውን ስታንዳርድ እንደምፈልግ ነግሬው አላውቅም። ካልነገሩት ራሱ ይመርጣል። ከጂሲሲ 5 ጀምሮ ጂኤንዩ11 (ሲ11 ከጂሲሲ የራሱ ጭማሪዎች ጋር)፣ ከ8 ጀምሮ ጂኤንዩ17 ነበር፤ አሁን በ15 ጂኤንዩ23 ሆኗል። በሲ23 ቡል (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዝ የመረጃ ዓይነት)፣ ትሩ እና ፎልስ የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ናቸው፤ ማንም በራሱ ትርጉም ሊሰይምባቸው አይችልም። የእኛ ኮድ ደግሞ ቡልን በታይፕዴፍ (ለመረጃ ዓይነት ሌላ ስም በሚያወጣ ቃል) ኢንት፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ አድርጎ ሠርቶታል። ባዶ ቅንፍ ያላቸው የፈንክሽን ፖይንተሮችም (የፈንክሽን አድራሻ የሚይዙ ቫሪያብሎች) አሉን። ድሮ ባዶ ቅንፍ «የሚገባው ነገር አልተገለጸም» ማለት ነበር፣ አሁን «ምንም አይገባም» ማለት ነው።

የወደድኩለት አነጋገሩን ነው። ኤረሩን ሰጥቶ ዝም አይልም፤ ቃሉ ከሲ23 ጀምሮ ቁልፍ ቃል መሆኑን እዚያው ይነግራል። ግማሽ ቀን አትርፎልኛል።

ያተረፍኩትን ግን ራሴ መልሼ አቃጠልኩት። ታይፕዴፏን ሰርዤ ወደ እውነተኛው ቡል ቀየርኩ። ያለ አንዲት ዋርኒንግ አለፈ። ደስ ብሎኝ የድሮውን መዝገብ ስከፍት የመጀመሪያው መኪና 0 ኪሎ ይላል! ለካ ስትራክቱ (የአንዱን መዝገብ መረጃዎች ባንድ የያዘው ጥቅል) እንዳለ ነው ወደ ፋይል የሚጻፈው፤ ሁለት ቡል፣ ከዚያ ክብደት። ቡል ኢንት ሳለ አንዱ መዝገብ 12 ባይት ነበር። እውነተኛው ቡል እኔ ጋ 1 ባይት ስለሆነ፣ ኮምፓይለሩ ከክብደቱ በፊት ከሚተወው 2 ባይት ባዶ ቦታ ጋር ወደ 8 ወረደ። ስለዚህ ክብደት ብሎ የሚያነበው ሁለተኛዋን ቡል ነው። ኮምፓይለሩ ይህን ከየት ያውቃል? አልፈርድበትም። የታይፕዴፏን ስም ቀየርኩ፣ ኢንትነቷን ተውኩላት።

አሁን ኮዱን ሦስት ጊዜ ኮምፓይል አደርገዋለሁ፤ በሲ89፣ በሲ99፣ በሲ23። ሦስቱም ጋ ካለፈ ሌላ ማሽን ላይም ብዙ አያሳፍረኝም። የማይታረቁበት ቦታ ላይ የስታንዳርዱን ቁጥር የያዘውን ማክሮ (ኮምፓይለሩ ራሱ ዋጋ የሚሰጠውን ስም) እጠይቃለሁ፤ 199901 ከሆነ ሲ99፣ 202311 ከሆነ ሲ23 ነው። ሲ89 ላይ ማክሮው ጭራሽ የለም፣ በኢፍ ሲጠየቅ እንደ ዜሮ ይቆጠራል።

አንድ ኮከብ የቀነስኩበት ምክንያት አለኝ። ሲ89 ብለው አዘውት፣ ከትእዛዞች በኋላ በመሃል የተገለጸ ቫሪያብል ሲያይ ዝም ይላል። ሲ89 ያንን አይፈቅድም እኮ! በእውነት እንዲቆጣጠር «ፔዳንቲክ ኤረርስ» የሚለውን አማራጭ መጨመር ግድ ነው። ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል፣ እሺ። ግን ማኑዋል የሚያነብ ስንት ሰው ነው?

ዋጋው እንደሁ ነፃ ነው። ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ።

ኮዱን የጻፉት ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። ደውዬ «ጋሼ፣ ቡልን ለምን ኢንት አደረጓት?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ታዲያ ምን ላድርጋት ኖሯል? ያኔ ቡል የሚባል ነገር የት ነበረና!»