ከላይ ፋይበር፣ ከስር የዓሣ ማጥመጃ ክር፦ ስታዲየም አካባቢ የመብራት ዕቃ የምትገዙ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ከበረደ እተወዋለሁና። ማኬት የምትሠሩ፣ ለሳሎን ወይም ለመኪና ኮርኒስ የኮከብ መብራት የምታስገቡ፣ ልጆቻችሁ ለሳይንስ ክበብ የሚበራ ነገር ሠርተው እንዲያቀርቡ የምትደክሙ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ከስታዲየም ወደ ለገሃር ስትወርዱ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በአንዱ ፋይበር፣ ማለትም ብርሃንን ከጫፍ ጫፍ የሚያደርስ ቀጭን የፕላስቲክ ክር፣ በጥቅል ልገዛ ገብቼ 38,000 ብሬን ተበልቻለሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። ስም ከጠራሁ ነገሩ የእኔና የእነሱ ጠብ ይሆንና የጥቅሉ ጉዳይ ይረሳል። ደግሞም ይህን ዓይነት ሱቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የምሠራው የጠፈር መርከብ ሞዴል ነው። እንጀራዬ የሕንፃ ማኬት ነው፤ መርከቡ ግን ማንም ያላዘዘኝ፣ ከንድፉ ጀምሮ የራሴ ሥራ ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ልኬቱ 1/500 ነው፤ እውን ቢሆን 1 ኪሎ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ገላው ፎሬክስ የሚባለው ቀላል የፕላስቲክ ሰሌዳና አክሬሊክ ነው። በላዩ ላይ የተለጠፈው ቱቦና ሳጥን ሁሉ ምናለሽ ተራ ከገዛኋቸው የተበላሹ ፕሪንተሮች ሆድ የወጣ ነው። የፊልም ሰዎችም ኮምፒውተር ሥራውን ሳይረከባቸው በፊት እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ የታንክና የአውሮፕላን ሞዴል እየገዙ ቁርጥራጩን በመርከቡ ገላ ላይ ይለጥፉት ነበር። ዓይን የሚቆጥረው ትንንሽ ነገር ሲበዛለት የገላውን ትልቅነት ይቀበላል።

መብራቱ ግን ከዚህም ይበልጣል። በ1/500 ልኬት 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ተራ ኤልኢዲ የ1.5 ሜትር መስኮት ትሆናለች። በኪሎ ሜትር መርከብ ላይ እንዲህ ያለ መስኮት በረድፍ ስትደረድሩበት መርከቡ ወዲያው ያንሳል፣ መጫወቻ ይመስላል። የ0.75 ሚሊ ሜትር ፋይበር ጫፍ ግን 37 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከኋላው ሰው የቆመበት መስኮት ይመስላል። ዋሽንግተን በሚገኘው የአየርና የህዋ ሙዚየም ውስጥ ያለው ኢንተርፕራይዝ የተባለው የጠፈር መርከብ፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ ለ«ስታር ትሬክ» የተሠራው ትልቁ ሞዴል፣ 3.4 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የመብራቱ ሽቦ በግራ ጎኑ ስለሚወጣ የሚቀረጸው በቀኝ ጎኑ ነበር። እኔ ሁለቱም ጎን እንዲታይ ስለፈለግሁ ሽቦውን በሙሉ በመቆሚያው ዘንግ ውስጥ አሳልፌዋለሁ። ይህን የማወራው የፋይበሩ ጥራት ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የቅንጦት ጉዳይ እንዳልሆነ እንዲገባችሁ ነው። ሥራው ማለት እሱ ነው።

ግዢው እንደተለመደው ነበር። ኮርኒሱ ኮከብ የሞላበት ሱቅ፤ «ጋሼ፣ ይቀመጡ»፤ ሻይ ታዘዘ። ሻጩ ወጣት ስልኬን ተቀብሎ የመርከቡን ፎቶ እያሰፋ አየ። «እርስዎ ነዎት የሠሩት? ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ሰው አገራችን ውስጥ አለ?» ብሎ ካሸሯንም ጠርቶ አሳያት። ከዚያ ከጥቅሉ ጫፍ ላይ ቆረጠና የስልኩን መብራት ደገነበት፤ በወዲያኛው ጫፍ ጥርት ያለች ነጥብ ወጣች። «ኦሪጅናል ነው፤ የሆቴሎቹን ኮርኒስ የምንሠራው በዚሁ ነው። ችግር ካለ ይመልሱልኝ፣ እኔ የትም አልሄድም» አለኝ። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል፣ ያለ ደረሰኝ ይሻልዎታል፣ በዚህ አካውንት ያስገቡ። አካውንቱ የግለሰብ ነው። ሁለት ጥቅል ፋይበር፣ ባለ 12 ቮልት 10 አምፔር ፓወር ሰፕላይና ጥቂት ኤልኢዲ ገዝቼ ወጣሁ።

የመርከቡ አፍንጫ እጅግ አምሮ በራ። ፋይበሩን በየቀዳዳው የምታሳልፈው የእህቴ ልጅ ናት፤ ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው። የክፍሉን መብራት አጥፍተን ስናበራው ጮኸች። ወደ መሐሉ ስንሄድ ግን መስኮቶቹ ይፈዙ ጀመር፤ ወደ ኋላው ጭራሽ ጨለሙ። ማጣበቂያው ይሆን ብዬ መረመርሁ። ሱፐር ግሉ ይህን ፋይበር አድርቆ እንደሚሰነጥቀው ስለማውቅ የተጠቀምሁት በነጭ የእንጨት ኮላ ነው። የትም ቦታ አልታጠፈም። የመብራቱ ሙቀትም አልነካውም። በመጨረሻ አንዷን ክር ይዤ ስስባት ተለጠጠች። ጫፏን ወደ ጋለ የሶልደር ብረት አስጠጋሁት። እውነተኛው ፋይበር እንዲህ ሲሞቅ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይከብና ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ሞዴል ሠሪዎች ሆን ብለን እንዲህ እናደርገዋለን። ይቺ ግን ቀልጣ ቡናማ ጠብታ ሆነች። ናይሎን ነው። የዓሣ ማጥመጃ ክር።

ጥቅሉን እስከ እምብርቱ ፈታሁት። ከላይ ጥቂት ድርብ እውነተኛ ፋይበር አለ፤ ከዚያ በስስ ፕላስተር የተያያዘ መጋጠሚያ፤ ከዚያ በታች እስከ መጨረሻው ናይሎን። ውፍረታቸው በካሊፐር ሲለካ አንድ ነው። ይህን ፋብሪካ ተሳስቶ አያደርገውም። አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ውፍረቱን መርጦ፣ በእጁ ጠቅልሎታል። ሁለተኛውን ጥቅል ስከፍተውም ያው ነው።

ለምን እንደሚያታልል ልንገራችሁ። ፋይበሩ መሐሉ አክሬሊክ ነው፤ በዙሪያው ብርሃኑን ወደ ውስጥ የሚመልስ በጣም ስስ ሽፋን አለው። ብርሃኑ በጎን ማምለጥ ስለማይችል እየተንጸባረቀ ብዙ ሜትር ይሄዳል። የዓሣ ክር ይህ ሽፋን የለውም፤ በየስንዝሩ በጎኑ እያፈሰሰ ይሄዳል። በአጭር ቁራጭ ላይ ግን እሱም የሚያበራ ይመስላል። ስለዚህ ቤታችሁ ገብታችሁ ቆርጣችሁ ብትሞክሩት እንኳ ቁራጩ አጭር ከሆነ አትነቁበትም።

ዛሬ ጠዋት ጥቅሎቹን ይዤ ሄድሁ። ያው ልጅ ያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። «እንደምን አደርክ ልጄ» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መጋጠሚያውን በጣቴ አሳየሁት። አልነካውም።

«ይሄ ከኛ አይደለም።»

«ከእጅህ ነው የተቀበልሁት። የመርከቡን ፎቶ አይተህ የለም እንዴ?»

«ሰውዬ፣ እዚህ በቀን ስንት ሰው ይገባል። አላውቅህም።»

አላውቅህም አለኝ። ዓይኔን እያየ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ ሳይቸኩል ነው ያለው። ብሩን ካጣሁበት ሰዓት ይልቅ ይህን ነው ከጠዋት ጀምሮ የማስበው። ቢቆጣ፣ ቢጮህ፣ «ተሳስተን ይሆናል» ብሎ ቢዋሽ እንኳ ሰው ከሰው ጋር ተጣላ ይባላል። ይህ ልጅ ሥራዬን አይቶ አድንቆኛል፣ ሻይ አጠጥቶኛል፣ በትከሻው አቅፎ በር ድረስ ሸኝቶኛል። ያን ሁሉ ሲያደርግ የምመለስበትን ቀን እያሰበ፣ «አላውቅህም» የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር።

ወደ ካሸሯ ዞርሁ። «አንቺስ ልጄ፣ ታስታውሺኛለሽ አይደል?» ዓይኗን ከማሽኑ ላይ ሳታነሳ «እኔ ካሸር ነኝ» አለች። እንዳወቀችኝ ፊቷ ይናገር ነበር።

ሁለት ደንበኞች ቆመው ስለሚያዩ ይመስለኛል፣ ልጁ ድንገት መቀስ አነሳ። ከጥቅሉ የላይኛው ድርብ የቀረችውን ክር ቆርጦ የስልኩን መብራት ደገነባትና ወደ እነሱ ዞሮ «ይኸው በራ አይደል?» አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የስሩንስ?» አልሁ። «የስሩን አንተ ጠቅልለህበት ይሆናላ። ደረሰኝህን አምጣ።» ያለ ደረሰኝ ይሻልዎታል ያለኝ እሱ ራሱ ነው! ብሩን ያስገባሁበትን የባንክ ማረጋገጫ አሳየሁት። «ይሄ የግለሰብ ስም ነው፤ ሄደህ ሰውየውን ጠይቀው» አለና ስልኬን መለሰልኝ።

ባለቤቱ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። በዕድሜ እኩያዬ ስለሆነ ይሰማኛል ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ በትሕትና ነገርሁት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ለምንድን ነው የገዛኸው?» አለኝ። ለመርከብ ሞዴል አልሁት። «ለመጫወቻ?» ልጁ ሳቀ፣ ደንበኞቹም ሳቁ። «አንተን የሚያህል ሰው ለአሻንጉሊት ብሎ ነው ሱቃችን መጥቶ ስማችንን የሚያጠፋው? ሥራ አለን እኛ» አለና ዘበኛውን ጠራ። ዘበኛው ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ክንዴን በቀስታ ይዞ ደረጃውን አወረደኝ። ታች ስንደርስ «ይተዉት ጋሼ። በየቀኑ ነው እንዲህ» አለኝ።

በየቀኑ ነው። ይህን እንድትሰሙ ነው የምጽፈው።

መጫወቻ የተባለው ሥራ ለአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ቃል የገባሁለት ነው። ልጆቹ መጥተው የሚያዩት፣ ብርሃን በቀጭን ክር ውስጥ ታጥፎ እንዴት እንደሚሄድ በዓይናቸው የሚማሩበት ነው። በአንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ የበራ መርከብ ልጅን ወደ ፊዚክስ ይጎትታል፤ ይህን በእህቴ ልጅ ላይ አይቻለሁ። አሁን የመርከቡ መሐልና ኋላ ታሽጓል። ብርሃን በገላው እንዳያልፍ ውስጡን በጥቁር፣ ከዚያ እንዲያንጸባርቅ በነጭ ቀለም ቀብቼ ወለሎቹን አጣብቄያቸዋለሁ። ከ600 በላይ ቀዳዳ ናይሎን ተሰክቶበት ደርቋል። መጋዝ ካልገባ የሚወጣ ነገር የለም፤ መጋዝ ሲገባ ደግሞ ላዩ ላይ ያለው ዝርዝር አብሮ ይሄዳል።

ፓወር ሰፕላዩን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ እሱ ከገንዘብም በላይ ነው። ሳጥኑ ላይ 10 አምፔር ይላል። 4 አምፔር ስጭንበት ከ12 ቮልት ወደ 9 ወረደና እጅ እስከማያስነካ ጋለ። እኔ ጠረጴዛ ላይ ስለሞከርሁት ነቀልሁት። ይህን ጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ ቀብራችሁ የምትተኙ ሰዎች አላችሁ። እባካችሁ አውጥታችሁ ለኩት።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 813/2006 ነው፤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ደረሰኝ እንደሚሆን አውቃለሁ። በእጄ ያለው የባንክ ማረጋገጫና ሁለቱ ጥቅሎች ናቸው፤ እነሱኑ ይዤ እቀርባለሁ።

ለምትገዙ፦ ከጥቅሉ አናት በተቆረጠ ቁራጭ አትመኑ። እምብርቱ ድረስ ፈትተው ያሳዩዋችሁ፣ ከመሐሉ 3 ሜትር ያህል አስቆርጣችሁ ሞክሩት፣ ጫፉን በላይተር አሙቁት። ፓወር ሰፕላይ ጭነት ላይ ሆኖ በመልቲሜትር ይለካ። ቫቱን ከፍላችሁ ደረሰኙን ያዙ።

ከኮርኒስ ሥራ የተረፈ እውነተኛ 0.75 ፋይበር ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እገዛዋለሁ። 40 ሜትርም ቢሆን ለአንድ ጎን የኋላ መስኮቶች ይበቃኛል።