የዲጂታል ሂውማኒቲስና የዳታ አያያዝ ስልጠና፦ ነጻውን፣ የሚከፈልበትን ወይስ በራስ መማር?

ድሮ የስልጠና ማስታወቂያ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው ምሰሶ ላይ ይለጠፍ ነበር። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን ካጸዳው ወዲህ ማስታወቂያው ቴሌግራም ውስጥ ገብቷል። አንዱ ግሩፕ «ዲጂታል ሂውማኒቲስና የምርምር ዳታ አያያዝ፣ የሦስት ቀን ወርክሾፕ፣ ነጻ» ይላል። ዲጂታል ሂውማኒቲስ ማለት ታሪክን፣ ቋንቋንና ጽሑፍን በኮምፒውተር እየታገዙ ማጥናት ነው። ሌላው «ኤስፒኤስኤስ፣ አር፣ ፓይተን፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ሰርተፊኬት አለው» ይላል፤ ሦስቱም ዳታ መተንተኛ ናቸው። ሦስተኛው አማራጭ ማስታወቂያ የለውም። ትምህርቱ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል፤ የፈለገ ገብቶ ይማራል።

የቱ ይሻላል ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ የራሳችሁን ፋይል ይዛችሁ እንድትሠሩ የሚፈቅደው። ነጻ መሆን አለመሆኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ምክንያቱም የእኛ ዳታ የራሱ ጠባይ አለው። ከወመዘክር ወይም ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሰበሰባችሁትን መረጃ ኤክሴል ላይ አስገባችሁ እንበል። አንድ ሰው በአንዱ ረድፍ «ኃይለ ሥላሴ»፣ በሌላው «ሀይለስላሴ»፣ በሦስተኛው «ኃ/ሥላሴ» ነው። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ብሎ ይቆጥራል። ኦፕን ሪፋይን የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ተመሳሳይ ስሞችን ሰብስቦ ያሳያል፣ በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን መጀመሪያ የሚያቀርብላችሁ ዘዴ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው፤ «ሀ» እና «ኃ» አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። ስለዚህ ዋናውን ዓምድ ሳትነኩ ኮፒ ታደርጋላችሁ፣ ኮፒው ላይ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ትቀይራላችሁ፣ ከዚያ ታወዳድራላችሁ። ይህንን የሚያሳያችሁ አሰልጣኝ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ዓመተ ምሕረቱም ሌላ ጣጣ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጃችን በአማርኛ 1321/2016 ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጠቀስ ግን 1321/2024 ይሆናል። አንድ አዋጅ ዋቢ ዝርዝራችሁ ውስጥ ሁለት ሆኖ ተቀመጠ ማለት ነው። ኤክሴል ደግሞ ጳጉሜን የሚባል ወር አያውቅም።

የፕሮጀክት ወርክሾፕ

ይሄ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ገንዘብ የሚዘጋጅ ነው። አዳራሹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፣ ሻይና ምሳ አለ፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ አበልም አለ። ጥንካሬው ርእሱ ላይ ነው። ሌላ ቦታ የማትሰሙትን ትሰማላችሁ፦ ብራናን በቴክስት ኢንኮዲንግ (ኮምፒውተር በሚረዳው ምልክት) መመዝገብ፣ የእጅ ጽሑፍን ትራንስክሪበስ በሚባለው የእጅ ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ማስነበብ፣ የዳታ አያያዝ ዕቅድ (ዳታው እንዴት እንደሚሰበሰብና የት እንደሚቀመጥ የሚገልጽ ሰነድ) መጻፍ። የመጨረሻውን በቀላሉ አትዩት። የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፈንድ የሆነው ሆራይዘን ዩሮፕ ገንዘብ የሰጠው ፕሮጀክት ይህን ዕቅድ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ማቅረብ አለበት።

ድክመቱ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በመክፈቻ ንግግር ያልቃል። ቀሪው ሰዓት ለአሥር ርእስ ይከፋፈላል። ስላይዱ እንግሊዝኛ ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የምትጠይቁት ሰውም አብሮ ይጠፋል።

ፕሮግራሙ ሲደርሳችሁ አንድ ነገር ፈልጉ፦ ከቀኑ ውስጥ ስንት ሰዓት ኪቦርድ ላይ ናችሁ? ዘ ካርፔንትሪስ የሚባለው ድርጅት ይህን በደንብ ይዞታል። የእሱን ዘዴ የሚከተል ወርክሾፕ ላይ አሰልጣኙ ኮዱን እያያችሁት ይጽፋል፣ እናንተም እኩል ትጽፋላችሁ። ከተቸገራችሁ ላፕቶፓችሁ ላይ ባለቀለም ወረቀት ትለጥፋላችሁ፣ ረዳት ይመጣል። እጅ ማውጣት ለሚያፍር ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ለማኅበራዊ ሳይንስ ያዘጋጁት ትምህርት የሚጠቀመው ዳታ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ገበሬዎች ቃለ መጠይቅ የተወሰደ ነው፤ ለእኛ ሰው እንግዳ አይሆንም።

ስለ ትራንስክሪበስ «በሁለት ቀን ብራናችሁን ያነባል» የሚል ግብዣ ካያችሁ ረጋ በሉ። ፕሮግራሙን አንድ የእጅ ጽሑፍ ዓይነት በደንብ ለማስተማር ከ5,000 እስከ 15,000 ቃል ቀድሞ በሰው እጅ ተገልብጦ መቅረብ አለበት። ያንን ማን እንደገለበጠው ጠይቁ። በነጻ የሚሰጠው መጠን ሲያልቅ ደግሞ ክፍያው በውጭ ካርድ ነው፤ እሱ እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ብራና ላይ ለምትሠሩ ሌላ መፈተኛ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን አንስቷል። ሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መግለጫቸውን ለሁሉም ክፍት አድርጎ እየመዘገበ ነው። አሰልጣኙ ምሳሌውን ከዚያ ካላመጣና የሼክስፒር ድርሰት ይዞ ከመጣ፣ ለእናንተ አልተዘጋጀም።

የግል ማሰልጠኛ

እዚህ ከፍላችሁ ትገባላችሁ፣ በአማርኛ ይብራራላችኋል፣ ያልገባችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይደገማል። ሥራ ላላችሁ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሰልጣኙ በቴሌግራም ይገኛል፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የላካችሁለት ጥያቄ መልስ ያገኛል።

ችግሩ ስሙና ይዘቱ አለመገናኘታቸው ነው። «ዳታ ማኔጅመንት» የተባለው ብዙ ጊዜ ኤስፒኤስኤስ ላይ ቁጥር ማስገባት ነው። ቃለ መጠይቅ፣ ፎቶ፣ የድምፅ ቅጂ፣ የድሮ ጋዜጣ ለያዘ ሰው ብዙም አይጠቅምም። ሌላው ደግሞ ሶፍትዌሩ በፍላሽ የሚታደል ክራክ (ያለፈቃድ የተሰበረ ኮፒ) ከሆነ ቫይረሱም አብሮ ይመጣል። አር፣ ኪውጂአይኤስ (የካርታ ሥራ)፣ ዞቴሮ (የዋቢ መያዣ)፣ ኦፕን ሪፋይን ሁሉም በሕጋዊ መንገድ ነጻ ናቸው። በእነሱ የሚያስተምር ካለ ምረጡት፤ ስልጠናው ሲያልቅ መሣሪያው እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ከመክፈላችሁ በፊት ትንሽ ፈተና ስጡ። በአማርኛ የተሞላ ሲኤስቪ ፋይል (ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ)፣ ዩኒኮድ በሚባለው የፊደል ሥርዓት የተቀመጠ፣ ኤክሴል ላይ በደብል ክሊክ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ። ፊደሉ ጭረትና ነጥብ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ደህና አሰልጣኝ አይደነግጥም፤ በኢምፖርት በኩል ዩቲኤፍ 8 የሚባለውን የዩኒኮድ ዓይነት መርጦ እንደገና ይከፍተዋል። «ፋይሉ ተበላሽቷል» ካላችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ማስተርስ ለሚሠራና ትንታኔው ቁጥር ለሆነ ተማሪ፣ የግል ማሰልጠኛው ከነጻው ወርክሾፕ ይበልጥበታል። ለታሪክ፣ ለፊሎሎጂና ለፎክሎር ሰው ግን ወርክሾፑ ይሻላል፣ ሦስት ቀንም ብትሆን።

በራስ መማር

የካርፔንትሪስ ትምህርቶች በሙሉ በነጻ ይገኛሉ። ፕሮግራሚንግ ሂስቶሪያን የሚባለውም ለታሪክ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፣ እንግሊዝኛ ከቻላችሁ። ኔትወርክ ሲኖር አውርዳችሁ አስቀምጡ። «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የሚባለው የመንግሥት የኦንላይን ስልጠና ነጻ ነው፣ ሰርተፊኬትም አለው፤ ግን የዳታ መነሻ እንጂ የሰነድ ሥራ አያስተምርም። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ማቆማችሁ አይቀርም። ሦስት አራት ሆናችሁ አብርሆት ብትቀጣጠሩ የተሻለ ነው።

ሁሉም ቦታ መጠየቅ ያለበት

የዳታ አያያዝ ስልጠና ነው ከተባለ ዳታው መጨረሻ ላይ የት እንደሚቀመጥ መነገር አለበት። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የኦፕን አክሰስ ፖሊሲ አገር አቀፍ የአካዳሚክ ማከማቻ የሆነውን ናድሬን ያውቀዋል፤ አሰልጣኙም ሊያውቀው ይገባል። ዜኖዶ የሚባለው የኢንተርኔት የምርምር ማከማቻ ደግሞ አንድ የዳታ ስብስብ እስከ 50 ጊጋባይት በነጻ ያስቀምጣል፣ የሚጠቀስበት ቋሚ መለያም ይሰጣል።

«ሁሉንም ክፍት አድርጉ» ብቻ የሚል ስልጠና ግን ያሳስበኛል። ቃለ መጠይቅ ያደረጋችሁላቸውን የአንዲት እማማ የድምፅ ቅጂ ከነስማቸውና ከነሰፈራቸው ኢንተርኔት ላይ ከመጫናችሁ በፊት ፈቃዳቸውን ማግኘት አለባችሁ። አዋጅ 1321ም አለ። ስለ ፈቃድ ቅጽ አንድም ስላይድ ከሌለ ፕሮግራሙ ጎደሎ ነው።

ካዛንቺስ አካባቢ ቢሮ ያላችሁ፣ ስድስት ሰባት ሰው የምታሰለጥኑ ከሆነ፣ አሰልጣኝ ወደ እናንተ ብታስመጡ ያዋጣል። ውሉ ላይ ልምምዱ በራሳችሁ ፋይል እንደሚሆን ጻፉ። ቅድመ ክፍያ ከግማሽ አይብለጥ፤ ቀሪው ፋይሎቹ ተስተካክለው ሲከፈቱ ይከፈል።